ጠጣች ሲባል አገር ይሰማል፤ ልዳን ስትል በሩን ማን ይክፈትላት?

(ከመጠጥና ከጫት ሱስ ለመላቀቅ ስለሚረዳዱ ቡድኖች በሐራ የቀረበ ንግግር)



እንዲያው በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወንድ ሰክሮ መንገድ ላይ ቢወድቅ ምን እንላለን? «ምስኪን! ደግፋችሁ ቤቱ አድርሱት» እንላለን። ሴት ብትሆንስ? ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ይህችኑ ሴት ነው እንግዲህ «ነይና ሱሰኛ ነኝ ብለሽ በሰው ፊት ተናገሪ» የምንላት። ትመጣለች ብላችሁ ነው?

ሱሰኞች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ዘዴ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ጀማሪዎቹ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ወንዶች ነበሩ። አባላቱ ሙሉ ስማቸውን አይናገሩም፤ የሰሙትን ውጭ አያወሩም። ደግ ዘዴ ነው፤ ብዙዎችን አድኗል። ግን በወንድ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት «በመጠጥ ፊት አቅም የለኝም» ብሎ ማመን ነው። ራሳቸውም ከመጠጥ ጋር የታገሉት ጂን ኪርክፓትሪክ ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ማኅበር አቋቋሙ። ዕድሜዋን ሙሉ «አትችይም» ስትባል የኖረችን ሴት የሚያነሳት «ትችያለሽ» መባል ነው ባይ ነበሩ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን ጠላ የምትጠምቀው፣ አረቄ የምታወጣው ማን ናት? ሴት ናት። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። መጠጥ ተዪ ስትሏት እንጀራሽንም ተዪ ማለታችሁ ነው። ሌላ መተዳደሪያ ሳይታሰብ ምክር ብቻ ከንቱ ነው።

ደግሞም ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ከገባ ወዲህ ይህ አካባቢ ያየውን አይቷል። ሕመሟን በመጠጥ የምታስታግስ ሴት፣ ያደረሰባት ወንድ ከሆነ፣ ወንዶች በተሰበሰቡበት ምን ብላ ታውራ?

መንግሥትስ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥንም ከለከለ። ይበል ነው! የተያዘውስ ሰው የት ይሂድ? የአማኑኤል ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው። ከወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ! ልጅ ያዘለች እናት በምን ገንዘቧ?

ስለዚህ መንግሥትን እየጠየቅን፣ በእጃችን ያለውን እንሥራ።

አንደኛ፣ ሴቶች ብቻቸውን የሚገናኙበት ሰዓት ይኑር፤ የምትመራውም ሴት ትሁን። ማታ አይሁን፤ ማታ ወጥ አለ፣ የጨለማ መንገድ አለ። በገበያ ቀን ቢሆን «ገበያ ነበርኩ» ብላ ትመለሳለች፤ ጠያቂም የላት።

ሁለተኛ፣ ልጇን ይዛ ትምጣ። አንዷ ልጆቹን ትያዝ።

ሦስተኛ፣ የቀበሌ አዳራሽ ይቅር፤ ቡና የተፈላበት ቤት ይበቃል። እናቶቻችን ከአቦል እስከ በረካ ሐዘናቸውን ሲካፈሉ የኖሩት የት ሆነና!

አራተኛ፣ ማንም ተናገሪ ብሎ አያስገድዳት። ዝም ብላ ብትሰማም መጥታለች። እዚያ የተሰማ ግን እዚያው ይቅር። እንደ ሐራ ባለች፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ፣ አንዲት ወሬ ካመለጠች ሁለተኛ የምትመጣ ሴት የለችም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊነሳበት፣ ሊሞትም ይችላል። የሴት ሰውነት ደግሞ በትንሹም መጠጥ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ከቡድኑ በፊት ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ብቻዋንም አትላኳት።

ወንድሞች ሆይ! ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ሚስትህ፣ እህትህ «እሄዳለሁ» ስትል «የት?» ብለህ አታፋጣት። በሩን ልቀቅላት።