ስለ ጋሞ ሸማኔና ስለ ሩቅ ትውውቅ



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ሸማኔና በኪሳችሁ ስላለ አንድ ዕቃ ነው። ዕቃው ስልካችሁ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከምትሠሩት መካከል ብዙዎቻችሁ በዚሁ ስልክ፣ ሊንክዲን በሚባለው የባለሙያዎች መተዋወቂያ መረብ ላይ ስማችሁን፣ ትምህርታችሁንና የሠራችሁበትን ዘመን አስፍራችሁ እንደምትገኙ ዐውቃለሁ። አብዛኞቻችን ይህን ያደረግነው ደመወዙ የተሻለ ወንበር ቢገኝ ብለን ነው፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን መረቡ አዲስ ንግድ ለሚጀምር ወገናችንም ሊያገለግል ይችላል።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ጋሞ ዞን ልውሰዳችሁ። አርባ ምንጭ ከተማ ዓባያንና ጫሞን ቍልቍል እያየች ተቀምጣለች፤ ከርሷ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይደርሳል። እንግዳ ሁሉ ወደዚያ የሚወጣው ከቀርከሃ ተሠርቶ የዝሆን ፊት የሚመስለውን ቤት ለማየት ነው። እኔን ግን ከቤቱ ይልቅ የሸማኔው ጕድጓድ ይስበኛል። ሴቶቹ ጥጡን ይፈትላሉ፤ ወንዱ እግሩን በጕድጓዱ ሰድዶ፣ ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። ከዚያም ነጠላው፣ ጋቢው፣ ወፍራሙ ቡልኮ፣ እንዲሁም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ያለው ድንጉዛ ይወጣል።

ይህ ሙያ በተራራው ላይ ተወስኖ አልቀረም። የጋሞ ሸማኔዎች ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሠፍረዋል። አመጣጣቸውም በዘመድ ነው። አጎት የወንድሙን ልጅ ያመጣል፤ ልጁ በአጎቱ ቤት አድሮ ሙያውን ያጠናል፤ ዕቁብ ይገባል፤ ራሱን ሲችል ደግሞ በተራው ሌላ ዘመድ ያመጣል። ሊንክዲን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት፣ የጋሞ ሸማኔ የራሱን መረብ ከዘረጋ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ የዘመድ መረብ ጕድለትም ነውርም አለበት። ነውሩን ልሸፍነው አልወድም። ትምህርት ቤት ትገባላችሁ እየተባሉ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሕፃናት በአዲስ አበባ ከሸማ ጕድጓድ ወርደው ከጧት እስከ ማታ እንዲሠሩ መደረጋቸው በተደጋጋሚ የተነገረ ጕዳይ ነው። ጕድለቱ ደግሞ የሚከተለው ነው። አጎት የሚያውቀውን ነጋዴ የወንድሙ ልጅም፣ የአክስቱ ልጅም ያውቀዋል፤ ሁሉም ለዚያው ነጋዴ ይሸጣሉ፤ ነጋዴውም ሌላ በር እንደሌላቸው ስለሚያውቅ ዋጋውን እርሱ ይቈርጣል። ልብሱ ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ሲሻገር የሠሪው ስም በመንገድ ይቀራል። (ስለ አርባ ምንጭ ሙዝ ብናወራም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እርሱን ግን ለሌላ ቀን ልተወው።)

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ጕድለት በሌላ አገር አሳይቶናል። ከቦስተን አጠገብ በምትገኘው በኒውተን፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን ጠየቃቸው። ወሬውን የነገራቸውን ሰው ዘወትር የሚያገኙት ከመቶ 17 የማይሞሉ ሆኑ። ለቀሩት የነገራቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቅርባችን የሆነ ሰው የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። በ2022 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ የሊንክዲን ተጠቃሚዎችን መርምሮ፣ ይበልጥ የሚጠቅመው እጅግ የቀረበውም እጅግ የራቀውም ሳይሆን በመካከል ያለው ትውውቅ መሆኑን አገኘ። ሁለቱም ጥናቶች የሚናገሩት ሥራ ስለ መፈለግ ነው። ቢሆንም ገዥ መፈለግም ወሬ መፈለግ ስለሆነ ነገሩ ለሸማኔውም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ለሸማኔው በመካከል ያለው ሰው ማነው? እናንተ ናችሁ። በጨንቻ ያስተማራችሁ፣ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ፣ ወይም ከዚያው ደጋ ወርዳችሁ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ። እናንተ ሸማኔውን ታውቁታላችሁ፤ የትምህርት ቤት ባልንጀራችሁ ደግሞ ዛሬ ለአንድ ትልቅ ሆቴል ዕቃ ገዥ ሆኖ ይሆናል። ሊንክዲን በቀጥታ የምታውቁትን አንደኛ ደረጃ፣ በእርሱ በኩል የምትደርሱበትን ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ስለሚያሳይ፣ ማን ለማን እንደሚያገናኝ ሳትደክሙ ታያላችሁ።

ገጹ በሸማኔው በራሱ ስም ይከፈት። በእንግሊዝኛ ስትጽፉለት «በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው ጥበብ» የሚል ውዳሴ አትደርድሩ፤ ዕቃ ገዥ እንዲህ ያለውን ቃል ሲያነብ ውሎ የሰለቸው ሰው ነው። ይልቁንም የልብሱን ርዝመትና ስፋት፣ ፈትሉ የእጅ ወይም የፋብሪካ መሆኑን፣ አንዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅና በወር ስንት እንደሚወጣ ጻፉ። ፎቶግራፉ በቀን ብርሃን ይነሣ፤ በማታ መብራት የተነሣ ነጭ ነጠላ ቢጫ ይመስላል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለአንድ ሰው ታስቦ የተጻፈ ይሁን እንጂ ለመቶ ሰው የተበተነ አይሁን። «ለሆቴላችሁ የአልጋ ልብስ ከምን ዓይነት ጨርቅ ትመርጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ «ግዙኝ» ከማለት ይሻላል፤ የሚጠየቅ ሰው ይመልሳል።

መልስ ሲመጣ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወር ሃያ ቡልኮ የሚያወጣ ሰው አምስት መቶ ሲታዘዝ በደስታ «እሺ» ካለ የተገኘውን ደንበኛ ያጣል። «ለመመዝገቢያ አስቀድማችሁ ገንዘብ ላኩ» የሚል ገዥ ቢመጣ ገዥ አይደለም። ልብሱን ማን እንደ ሠራው፣ ሕፃናት እንዳሉበትም የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ ለዚህ ጥያቄ ሸማኔው ጕድጓዱን ከፍቶ ሊያሳይ የሚችል መሆኑን ገጹን ከመክፈታችሁ በፊት በዓይናችሁ አረጋግጡ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ይህንም ለራሴም ጭምር እናገረዋለሁ። እንግሊዝኛውን የምናውቅ እኛ ነን፤ ስልኩም በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ሳናስበው ሁለተኛው ነጋዴ ሆነን እንገኛለን። ለድካማችሁ ዋጋ ከፈለጋችሁ መጠኑን በመጀመሪያው ቀን በምስክር ፊት ተነጋገሩ። የገጹን የይለፍ ቃል ሸማኔው ይያዘው። ከገዥው የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ፣ እንቢ የሚለውንም ጭምር፣ ዋጋው ከተጻፈበት መስመር ጀምሮ እያንዳንዱን ቃል ተርጕማችሁ አንብቡለት፤ ገዥው ያቀረበውን ዋጋ መቀበሉንና አለመቀበሉን እርሱ ይወስን።