ሴራሚኩ ይቆይ፣ ጉድጓዱ ይቅደም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ፤ መጥቶ ላልሰማ እንዲነበብ እዚህ የተለጠፈ)



በቅድሚያ ይህን የሸዋ ሮቢት ሙቀት ችላችሁ ስለተሰበሰባችሁ በማኅበሩ ስም እናመሰግናለን። የዛሬው ንግግራችን ስለ ሽንት ቤትና ስለ መታጠቢያ ቤት አሠራር ነው። አንዳንዱ ሰው «ይህ ደግሞ በስብሰባ የሚነገር ነው ወይ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙው ከኪራይ ቤት ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጣራ ያቆመ ነው። ሳሎን እንዴት እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። መታጠቢያ ቤቱ ላይ ግን ብዙዎቻችን ተሳስተናል። የምንናገረውም ከሰው የሰማነውን ሳይሆን በራሳችን ቤት የደረሰውን ነው።

ቤታችንን ስንጨርስ እጃችን ላይ የቀረችውን ገንዘብ ይዘን መጀመሪያ የሄድነው ሴራሚክ ልንገዛ ነው። ነጭ፣ አበባ ያለበት። ግንበኛው ደስ አለው፣ እኛም ደስ አለን፤ የወለሉን ተዳፋት ግን ማንም አልለካ። መጀመሪያ የታጠብን ቀን ውሃው ወደ ቀዳዳው መሄዱን ትቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ሽታው ተከተለ። ያን ሁሉ ሴራሚክ በመዶሻ አፍርሰን እንደገና ሠራን።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ የጉድጓዱ ነገር ነበር። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ያስቆፈርነው ቦታ ስላለ ብቻ ከአጥራችን ሥር ነው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የውሃ ጉድጓድ እንዳለ እናውቃለን፤ «አጥር አለ አይደል እንዴ» አልን። ፍሳሽ ግን አጥር አያውቅም። ክረምቱ ሲገባ የጎረቤታችን ውሃ ሸተተ፤ ልጆቻቸው በተቅማጥ ታመሙ። ለዓመታት ቡና አብረን የጠጣን ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈግን። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ፣ እኛም ጥፋታችንን አምነን፣ ጉድጓዱን አስመጥጠን ደፈንነው፤ በሌላው የግቢያችን ጫፍ አዲስ አስቆፈርን። ልጆቹ ድነዋል፣ ፈጣሪ ይመስገን። ያ የውሃ ጉድጓድ ግን እስከ ዛሬ ለመጠጥ አልተመለሰም።

እንግዲህ ዋናው ቃላችን ይህ ነው፦ መጀመሪያ የማይታየውን ሥሩ፤ የሚታየው ኋላ ይደርሳል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

አንደኛ፣ ስለ ጉድጓድ። የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራራቅ አለባቸው። የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃ በላይ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል፤ ይህም የሚታሰበው ውሃው በሚወጣበት በክረምት እንጂ በበጋ አይደለም። የእኛ ይዞታ ጠባብ ስለሆነ 30 ሜትር ማለት ሁለትና ሦስት ጎረቤት ማለፍ ነው። ስለዚህ ሜትር ይዞ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ግድ ይላል። ርቀቱ ካልተገኘ ፍሳሹ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ወለሉና ዙሪያው በሚገባ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ አሠርቶ፣ ሲሞላ ማስመጠጥ ነው። የጉድጓድ ውሃ ያለውም ሰው ለልብስና ለአትክልት ያድርገው፤ ለመጠጥ ከሆነ ግን ያፍላው ወይም በውሃ አጋር ያክመው።

መሬታችሁንም እወቁ። አሸዋማ ከሆነ ፍሳሹ ቶሎ ይሰርግና ሩቅ ይሄዳል። ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቱቦም ይሰብራል፤ ቱቦውን አሸዋ አንጥፋችሁ አስተኙት። የጉድጓዱ ክዳን ልጅ ሊያነሣው የማይችል ከባድ ይሁን፤ የመምጠጫ መኪናው ቱቦ የሚደርስበት ቦታም ይሁን። አደራ የምንለው ደግሞ፣ ዕቃ ወደቀ ብሎ ማንም ሰው እንዳይገባበት ነው። ውስጡ ያለው አየር በደቂቃ ውስጥ ይገድላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ይደግማል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቱቦ። ከመቀመጫው የሚወጣው ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር፣ የመታጠቢያው 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ለአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሣንቲ ሜትር ያህል ይውረድ፤ የወለሉም ተዳፋት እንደዚሁ። ቱቦው አፈር ሳይለብስ፣ ወለሉም ሴራሚክ ሳይለብስ ባልዲ ውሃ ደፍታችሁ እዩት። ያን ቀን ብንደፋ ኖሮ መዶሻ ባላነሣን ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽታ። ከመቀመጫውና ከወለሉ ቀዳዳ ሥር ውሃ የሚይዝ ጎባጣ ቱቦ አለ። እሱ ውስጥ የሚቆየው 5 ሣንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው ሽታውን የሚዘጋው። ይህን ዘዴ አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል፣ ለንደን ይኖር የነበረ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 በስሙ አስመዝግቦታል። ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው፤ ሆኖም ሳይገጠም የሚቀርበት ቤት ሞልቷል። በእኛ አገር ሙቀት ውሃው ቶሎ ይደርቃልና ቤት ዘግታችሁ ከርማችሁ ስትመለሱ አንድ ጣሳ ውሃ ጨምሩበት። ከጉድጓዱ የሚወጣው የአየር ቱቦም ከጣራ በላይ ግማሽ ሜትር ይለፍ፤ አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ይሰርበት፤ ዝንብና ትንኝ እንዳይመላለስ።

አራተኛ፣ ስለ ውሃ ታንከር። ቧንቧ ስለሚጠፋ ሁላችንም በርሜል ወይም ታንከር አለን። የቆላ ሰው ወባ ከረግረግ እንደሚመጣ ያውቃል። አሁን ግን ስቴፈንሲ የምትባል፣ በታንከርና በበርሜል ውሃ ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ወደ አገራችን ገብታለች። መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗ ታውቋል። ስለዚህ ታንከር ያለ ክዳን አይደር። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትም ቀዳዳ በወንፊት ይሸፈን።

አምስተኛ፣ ስለሚታየው። 1 ሜትር ተኩል በ2 ሜትር ክፍል ለመጸዳጃም ለመታጠቢያም ይበቃል። የወለሉ ሴራሚክ ሸካራ ይሁን፤ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር አደጋ ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ውስጥ ሰው ቢወድቅ በሩን ዘግቶ እንዳይቀር። ስለ ውሃ ማሞቂያ ደግሞ፣ ደብረ ብርሃን ያለ ዘመዳችን ቢገዛ አይፈረድበትም። ጣርማ በርን ወርዶ እዚህ ለሚኖር ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ታንከር ማሞቂያ ማለት ነው። ያንን ገንዘብ ለጉድጓዱ አድርጉት።

በመጨረሻም ማኅበሩ የሚለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ማንም ሰው ጉድጓድ ከማስቆፈሩ በፊት በአራቱም አቅጣጫ ላሉት ጎረቤቶቹ ያስታውቅ፤ የውሃ ጉድጓድ ያለውም የት እንዳለ ያሳይ። የ50 ሜትር መለኪያ ጸሐፊው ዘንድ ስላለ መጥታችሁ በነፃ ውሰዱ። ለመለካት ሰው ካስፈለጋችሁም አብረን እንመጣለን። እኛ ያን ጊዜ የጎረቤታችንን በር ብናንኳኳ ኖሮ ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጅብን፤ ባለማንኳኳታችን አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ኖርን።