ምሰሶውን ያቆመው ሰው ልጅ፦ አዲስ ተማሪ በክፍል ውስጥ ስለሚጠብቀው ነገር



ዛሬ የምናገረው ከሌሎች የተለየ ስለሚመስል አዲስ ተማሪ ነው። «ስለሚመስል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የእዣ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአገና፣ ወይም በሌላ የጉራጌ ከተማ፣ አንድ ልጅ በክፍል ጓደኞቹ ሲገለል መልኩም ቋንቋውም ከእነርሱ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ዓይን አያየውም። አባቱ እንጨት ጠራቢ ወይም ቆዳ ፋቂ መሆኑ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ግን ሁሉም ያየዋል።

የጥናት ጽሑፎች እነዚህን የእንጨት ባለሙያዎች «ፉጋ» ይሏቸዋል። ቃሉ ለባለቤቶቹ ስድብ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አልጠቀምበትም። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉራጌ ጥናቱ ስለ እነርሱ በስፋት ጽፏል። መሬት አያርሱም፤ ቢያርሱ የአፈሩ ለምነት ይጠፋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርቡም። ይሁን እንጂ ያንን ውብ የጉራጌ ክብ ቤት የሚሠሩት፣ የመሐሉን ትልቅ ምሰሶ የሚያቆሙት እነርሱ ነበሩ። ጣሪያውን የተሸከመውን ምሰሶ ተክለው ሲያበቁ ያው ቤት እንደ ልብ የማይገቡበት ይሆናል።

ሕጉ ተለውጧል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በእጁ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ፈቀደ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በማኅበራዊ አመጣጥ ሰውን መለየት ከልክሏል። የምሳ ሰዓትን ግን አዋጅ አይደርስበትም። ቆጮው ሲቆረስ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ልጆች የሚማሩት ከቤታቸው ነው፤ «ከእርሱ ጋር አትብላ» የምትል አጭር የእናት ቃል ትበቃለች።

ታዲያ መምህር ምን ያድርግ? የተለመደው መልስ «አብረው ይቀመጡ» የሚል ነው። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ግን መቀራረብ ጥላቻን የሚያለዝበው ሰዎቹ በእኩል ደረጃ ሲገናኙ፣ ለጋራ ግብ ሲተባበሩና የበላይ አካል ሲደግፋቸው ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲናቆሩ ኤሊዮት አሮንሰን የሞከረው ዘዴ ከዚህ ይነሣል። ትምህርቱን ቆራረጠና ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ቁራጭ ሰጠ። የጓደኛውን ቁራጭ ያልሰማ ፈተናውን ማለፍ ያዳግተዋል። በሁለተኛ ቋንቋው እየተንተባተበ ይሳለቁበት የነበረን ልጅ ጓደኞቹ ቀስ በቀስ እየጠየቁ ማናገር የጀመሩት ስለ ደግነት ስለተሰበኩ አልነበረም፤ እርሱ የያዘው እውቀት ስላስፈለጋቸው ነው።

እኛም «አንድ ለአምስት» ነበረን። ለእኔ ግን ተመሳሳይነቱ ከቁጥር አያልፍም፤ በዚያ አደረጃጀት ጎበዙ ይመራል፣ የቀሩት ይመራሉ። አዲሱ ልጅ ሁልጊዜ ተቀባይ ነው።

እዚህ ላይ ግን አሮንሰንን በጥንቃቄ ማንበብ ይኖርብናል። ማስፈለግ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የምሰሶው ባለሙያ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ በሆነ ነበር። ያለ እርሱ ቤት አይቆምም፤ ማንም ያውቀዋል። የሚፈለገው ግን ሌላው በንቀት ለተወው ሥራ ብቻ ነበር። ስለዚህ በቅን ልቦና «አባትህ የሚሠራውን አሳየን» ብሎ ልጁን ሰሌዳ ፊት የሚያቆም መምህር ያስፈራኛል። አክብሮት መስሎት፣ መንደሩ ለልጁ የሰጠውን ቦታ ክፍሉ ውስጥ ይደግምለታል።

ለዚህ ልጅ የሚሰጠው ቁራጭ ከክፍልፋይ፣ ከካርታ ንባብ፣ ከደም ዝውውር ትምህርት ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጠው፤ ወሬው ከመንደር ከመድረሱ በፊት ጓደኞቹ አንድ ነገር ከእርሱ ተምረው ይጠብቁት። የእንጨት ሥራው ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ለክፍሉ በሙሉ ይሰጥ፤ የገበሬውም የነጋዴውም ልጅ መሮውን ይያዝ።