በድሬ ሙቀት ‹‹በረደኝ›› የምትል እናት

በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ በሚያልበው ግንቦት፣ አንዲት እናት ጋቢ ደርባ ‹‹በረደኝ›› ብትል፣ ቤተሰቡ ‹‹ወባ ነው፤ ካልሆነም ደንጌ›› ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር ወይ?

ከአንጎል ሥር አተር የምታክል ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ አለች። ታይሮይድን፣ አድሬናልን፣ የወር አበባንም የምታዘው እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች፤ ብዙ ደምም ትሻለች። በወሊድ ደም በብዛት ፈሶ ግፊት ሲወርድ ልትጎዳ ትችላለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 ስለጻፈበት፣ ሕመሙ በስሙ ይጠራል።

ወተት እምቢ ይላል፣ የወር አበባ ይቀራል፣ የብብት ፀጉር ይሳሳል፣ ድካሙና ብርዱ አይለቁም። ‹‹የአራስነት ነው›› እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ የደም ሆርሞን ምርመራ ይለየዋልና። ሕክምናው የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለዕድሜ ልክ። የአድሬናሉ ሆርሞን የኮርቲዞል ምትክ ከታይሮይዱ ኪኒን መቅደም አለበት፤ ምትኩን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

እናቶች፣ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ፣ ‹‹ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ ነበር›› ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።