ሳንቲምና ባትሪ በአንድ ቦርሳ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ ስነሳ ስለ መዋጮ የማወራ እንደሚመስላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ ባትሪ ነው የማወራው፤ ያው ከመዋጮው ጋር መገናኘቱ ባይቀርም።

ባለፈው ዓመት ከስብሰባ በኋላ የተሰበሰበውን ሳንቲም፣ የደረሰኝ ጥራዙንና የማይክሮፎኑን ባለ 9 ቮልት ባትሪ በአንድ ቦርሳ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳው ጭኔን ሲያቃጥለኝ ደንግጬ ከፈትኩት። ባትሪው በእጅ አይያዝም፤ የደረሰኙም ጠርዝ ጠቁሯል። በነጠላዬ ጫፍ ይዤ አወጣሁት። ትንሽ ብዘገይ የእናንተን ገንዘብ መቀበያ ማስረጃ ሁሉ አጣ ነበር። አፍሬ እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። የዚህ ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በአንድ ወገን ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ሳንቲም ሁለቱን ከነካ ኤሌክትሪኩ መብራት ሳያበራ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ያልፋል። ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ሾርት አደረገ የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህ በትንሹ ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ባለ 12 ቮልት ትልቁ ባትሪስ? በደረቅ እጅ ብንነካው ስለማይነዝረን እንንቀዋለን። እስቲ እናስላው፦ 60 ዋት አምፖል ከዚህ ባትሪ የሚወስደው 5 አምፒር ነው፤ 60ን ለ12 ማካፈል ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ የብሎን መፍቻ ቢወድቅ ግን የሚያግደው ስለሌለ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይፈሳል። መፍቻው ይግላል፣ ብልጭታ ይፈጥራል። በመፍቻው ፋንታ የእጃችን አምባር ወይም ቀለበት ከሆነ ደግሞ ሥጋችንን ያቃጥላል። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣው በብልጭታው ሊፈነዳና ውስጡ ያለውን አሲድ ፊታችን ላይ ሊረጭ ይችላል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ እነዚህን አደራ እላችኋለሁ፦

ትርፍ ባትሪ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አትያዙ፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ።

ትልቁን ባትሪ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከከሰልና ከሻማ አርቃችሁ አስቀምጡ። በላዩ ላይ ምንም ዓይነት ብረት አታኑሩ።

ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና አምባር አውልቁ። የመኪና ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይፈታ፤ ሲታሰር መጨረሻ ላይ ይታሰር። በአብዛኛው የመኪናው አካል ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፖዘቲቩን ስንፈታ መፍቻው አካሉን ከነካ ሾርት ያደርጋል።

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ያበጠ የስልክ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ አትጠቀሙ፤ ልትበሱትም አትሞክሩ።

አሁን የማይክሮፎኑ ባትሪ የራሱ የፕላስቲክ ሣጥን አለው። በዚህ ወር የወጪ ዝርዝር ላይ «ፕላስተር፣ አንድ ጥቅል» የሚል ስታዩ ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ፤ ነግሬያችኋለሁ።