የቡና ለቀማ ወራትና የኅብረተሰብ ጤና ዕቅድ

(በሊሙ ገነት ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ፣ ሕዝብ በጤና አጠባበቁ ዕቅድም ሆነ አፈጻጸም የመካፈል መብትና ግዴታ እንዳለው አወጀ። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ኅብረተሰቡን የትምህርቱ መሠረት አደረገ፤ ተማሪው ቤት ለቤት ያጠናል፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ከነዋሪው ጋር አቅዶ ይሠራል፣ ውጤቱንም ይመዝናል።

ሥርዓቱ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የጊዜው አመዳደብ ነው። በሊሙ ገነት ዙሪያ ቀይ ቡና የሚለቀመው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በእነዚህ ወራት መጠይቅ ይዞ የሚዞር ሰው የሚያገኘው አዛውንትንና ሕፃናትን፣ አለዚያም የተዘጋ በር ነው። እናቲቱ ለቀማ ላይ ናት፤ ከሌላ አካባቢ የመጣው የቀን ሠራተኛማ በቀበሌው መዝገብም ላይኖር ይችላል። የተዘጋውን በር አልፎ ቀጣዩን የሚያንኳኳ ጥናት እነዚህን ሰዎች ሳይቆጥር ዕቅድ ያወጣል።

ታዲያ ጥናቱን ለበጋው ማብቂያ እናቆየው? ይህም አያዋጣም። የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ሥራ የሚበዛው በለቀማው ወቅት ነው፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ከታች ያለው ነዋሪ የሚጠጣው ውሃ ይበከላል። ለቀማው ሲያልፍ የሚመጣ አጥኚ ወንዙን ጠርቶ ያገኘዋል።

ስለዚህ ጥናቱ በለቀማው ጊዜ፣ ግን ሰዉ ባለበት ይደረግ። ገበሬው የዕለቱን እሸት ለማስረከብ ሲመሽ ማጠቢያው ደጃፍ ይሰለፋል፤ ጠያቂው እዚያ ይገኝ። የመስክ መኪና መመለሻ ሰዓት የጥናቱን ሰዓት ሲወስን በዓይኔ አይቻለሁና፣ በመጪው ጥቅምት መኪናው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንዲቆይ ከአሁኑ በጀት እንያዝ።