የበልግ ነፋስና የዘር ጊዜ በኢታንግ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በዓል ሲከበር ያለፈውን ሥራ ማውሳት የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ይህ ንግግር ግን የሚያተኩረው በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ በኢታንግ ማሳዎች ላይ በሚነሳው ነፋስ ላይ ነው። ምክንያቱም አባሉ በብድር የወሰደው ዘር የሚበቅለው ወይም አፈር ውስጥ የሚቀረው በዚህ ወቅት በሚወሰን ውሳኔ ነው። ማኅበሩም ብድሩን የሚያስመልሰው ከዚሁ ዘር ነው።

እንደሚታወቀው ኢታንግ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። በስተምሥራቅ የኢሉባቦር ተራሮች ይነሳሉ፤ ጎሬ ከተማ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በስተምዕራብ ሜዳው ወደ ደቡብ ሱዳን ይዘልቃል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ የሱዳን በረሃ ይገኛል። ስለዚህ የኢታንግ ቆላ በተራራና በበረሃ መካከል ያለ ነው ማለት ይቻላል።

በበጋ ወራት ከሰሜን አቅጣጫ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። ከዚያ በኋላ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥበት አዘል አየር ቀስ በቀስ እየበረታ ደረቁን ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ድንገተኛ ነፋስ የሚበዛው ሁለቱ በሚገፋፉበት በዚህ ጊዜ ነው።

ነፋሱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ የጋለው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ይሠራል። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ በደረቅ አየር ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ ትነቱም አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ መሬት ወርዶ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። አቧራ አስነስቶ፣ የጎጆ ክዳን ገልጦ የሚያልፈው ነፋስ ይህ ነው። ሱዳኖች «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበልም ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ የሚፈጠር ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ኃይሉ ግን የዝናቡን መጠን እንደማይናገር ነው።

አርሶ አደሩ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ነፋሱ በርትቶ፣ ነጎድጓዱ ተሰምቶ፣ መሬቱ ሲረጥብ ክረምቱ የገባ ይመስላል፤ ጎረቤት ሲዘራ ሌላውም ይከተላል። ነገር ግን 8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውኃ ስለሆነ 80,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሙቀትና ነፋስ መሬት በቀን 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያጣ ስለሚችል እርጥበቱ በሁለትና በሦስት ቀን ያልቃል። ዘሩ አቆጥቁጦ ይደርቃል። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ግራም ዘር የወሰደ አባል እንደገና ሲዘራ 50 ኪሎ ግራም ሊከፍል ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው፤ የበቀለ ዘር ግን መልሶ አይለቀምም።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መጠበቅም መፍትሔ አይሆንም። ባሮ ብዙውን ጊዜ በነሐሴና በመስከረም ይሞላል። በወንዙ ዳር ዝቅ ባለ ማሳ ላይ ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ሳይደርስ ውኃ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ያለው በነፋሱ ማታለልና በወንዙ ሙላት መካከል ነው። በዚህ መካከል የሚያዋጣው መለካት ነው።

ከዚህ አኳያ የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በብዙ ቦታ የሚጠቀሙበት መለኪያ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡና ከዚያ በኋላ ረዥም ደረቅ ጊዜ አለመከተሉ ነው። ለዚህም ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ርቆ ገላጣ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ በየጠዋቱ የተጠራቀመው ውኃ በማስመሪያ ተለክቶ ይመዘገባል፤ ከዚያም ይደፋል። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ጣሳና አንድ ደብተር ቢኖረው ወጪው አነስተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመዝራት በፊት አፈሩን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ማየት ይገባል። ከታች የወጣው አፈር በእጅ ሲጨበጥ ካልተያያዘ የረጠበው ላዩ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ትክክለኛው ዝናብ ሲገባ ቅድሚያ ለዝቅተኛው ማሳ ተሰጥቶ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይዘራበት፤ ከፍ ያለው ማሳ ይከተል። ማኅበሩም ዘሩን በአንድ ቀን ከማደል በሁለት ዙር ቢያከፋፍል ኪሳራው ይቀንሳል።

አራተኛ፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ አፈር ማስታቀፍ ነፋስ እንዳያጋሽበው ይረዳል። በማሳው ዳር ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ አግድም የሚተከል የዛፍ ረድፍ ከቁመቱ አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ የነፋሱን ኃይል ይቀንሳል። ማንጎና ኒም በአካባቢው የሚበቅሉ ስለሆኑ ችግኝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ ማሳ ማቃጠል አደገኛ ነው። አንድ የእሳት ፍንጣሪ የጎረቤትን ጎጆና የማኅበሩን መጋዘን ሊያጠፋ ይችላል። በመጋዘን ዙሪያ ያለው ደረቅ ሳር ከየካቲት በፊት ተመንጥሮ መሬቱ ባዶ ሊሆን ይገባል።

የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ድርሻም ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ትንበያ በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ተነግሮ በገበያ ቀን ለሕዝቡ ቢደርስ ከጣሳው መረጃ ጋር ተዳምሮ ለውሳኔ ይረዳል። በቢሮ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ትንበያ ግን ለማሳ አይደርስም።

ሽማግሌዎች ደመናን፣ ወፍንና የወንዙን ቀለም አይተው ወቅቱን ሲለዩ ኖረዋል። ይህ ዕውቀት ከጣሳው ደብተር ጎን ሲጻፍ ይበልጥ ይጠነክራል። በሚቀጥለው መጋቢት ነፋሱ ሲነሳ አባሉ ዘሩን ከመበተኑ በፊት የማኅበሩን ደብተር ከፍቶ ቢያይ የዚህ በዓል ትልቁ ስጦታ ያ ይሆናል።

መልካም በዓል፤ መልካም የዘር ወቅት!